ካህን ያጣችው ጎረቤታችን

ነቢዩ ኤርምያስ በኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ በር ላይ ቆሞ፣ መቅደሱ በመካከላችን ስላለ ክፉ አያገኘንም ብለው ለተዘናጉ ሰዎች የሰጠው ምክር ወደ ሴሎ ሄደው የሆነውን እንዲያዩ ነበር። ሴሎ ታቦቱ ያረፈባት ከተማ ነበረች፤ በኤርምያስ ዘመን ግን ፈርሳለች። ለእኛ ለኢትዮጵያ ክርስቲያኖች ሄደን የምናያት ሴሎ ሩቅ አይደለችም። ከመተማ ማዶ፣ ነጭና ጥቁር ዓባይ ከሚገናኙበት ከካርቱም አንሥቶ እስከ አስዋን ድረስ፣ በወንዙ ግራና ቀኝ ከ900 ዓመት በላይ ክርስትና የጸናበት ሀገር ነበር፤ ኑብያ። ጳጳሳት፣ ታላላቅ ካቴድራሎች፣ በገዛ ቋንቋው የተጻፉ ቅዱሳት መጻሕፍት፣ በመስቀል የሚምሉ ነገሥታት ነበሩት። ዛሬ ከዚያች ቤተ ክርስቲያን የተረፈ አንድ መንበር የለም። ይህ እንዴት እንደሆነ ከመነሻው ልተርክ። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከኑብያ ሰዎች ጋር በጥንት የተገናኘነው በጦር ሜዳ ነው። የአክሱሙ ንጉሥ ዒዛና በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ተከዜን ተሻግሮ ኖባዎችንና የኩሽን ሰዎች እንደ ወጋ፣ ከጡብ የተሠሩትንም ከሣር የተሠሩትንም ከተሞቻቸውን እንዳቃጠለ በድንጋይ አስቀርጾ ትቶልናል። ጥንታዊው የመርዌ መንግሥት በዚያው ዘመን ደክሞ ጠፋ። በቦታው ሦስት የኑብያ መንግሥታት ተነሡ። በሰሜን ከተማዋ ፋረስ የሆነችው ኖባትያ፣ በመካከል መናገሻዋን ዶንጎላ ያደረገችው ማኩርያ፣ በደቡብ ደግሞ ከዛሬዋ ካርቱም አጠገብ በሶባ ተቀምጣ የምትገዛው አልዋ ነበሩ።

ወንጌል በይፋ የደረሳቸው በ543 አካባቢ ነው። የቁስጥንጥንያው ንጉሠ ነገሥት ዮስጢኒያኖስ የኬልቄዶንን ጉባኤ የሚቀበሉ ሰባክያን ሊልክ ሲሰናዳ፣ ሚስቱ ንግሥት ቴዎድራ የተዋሕዶን እምነት የሚይዘውን ቄስ ዩልያኖስን ቀድማ ላከች። በላይኛው ግብፅ ለነበረው ገዥም የባሏን መልእክተኞች በሰበብ እንዲያዘገያቸው በማስጠንቀቂያ ጻፈችለት። የኤፌሶኑ ዮሐንስ እንደ መዘገበው፣ ዩልያኖስ በኖባትያ ሁለት ዓመት ሲቆይ ሙቀቱን መቋቋም ስላቃተው ከሦስት ሰዓት እስከ ዐሥር ሰዓት ውኃ ባለበት ዋሻ ውስጥ፣ እንደ ሀገሬው ጨርቅ አገልድሞ ተቀምጦ ያስተምርና ያጠምቅ ነበር። የኑብያ ክርስትና የተጀመረው እንዲህ ባለ ድካም ነው። ከእርሱ በኋላ የተነሣው ሎንጊኖስ በ580 ወደ አልዋ ሲጓዝ የማኩርያ ንጉሥ መንገድ ስለዘጋበት በቤጃ በረሃ ዞሮ ደረሰ። እዚያም ከአክሱም የመጡ ክርስቲያኖችን አገኘ፤ በትምህርት ባይስማሙም የሀገራችን ሰዎች ከእርሱ በፊት በዚያች ከተማ ነበሩ ማለት ነው። ማኩርያም በበኩሏ አምና በ573 ወደ ቁስጥንጥንያ የዝሆን ጥርስና ቀጭኔ ገጸ በረከት የያዙ መልእክተኞችን ልካ ነበር።

ገና አንድ መቶ ዓመት ሳይሞላቸው ትልቁ ፈተና መጣ። በ641 የዓረብ ጦር ግብፅን ያዘ፤ ወዲያውም ወደ ደቡብ ዘመተ። በ652 ዶንጎላ ተከበበች፣ በድንጋይ መወርወሪያ መሣሪያ ቤተ ክርስቲያኗ ፈረሰ። ከተማዋ ግን አልተያዘችም። የኑብያ ቀስተኞች ዓይን እየለዩ ይመቱ ስለነበር ከዘመቻው የተመለሱ የዓረብ ተዋጊዎች ስለ ጠፉ ዓይኖች ሲናገሩ ኖረዋል። በሶርያ፣ በግብፅና በፋርስ ያልቆመው ጦር በዶንጎላ ቆሞ ውል ተዋዋለ። ያ ውል ባቅት ይባላል። ሁለቱ ወገኖች እንዳይዋጉ፣ ነጋዴዎች በሰላም እንዲያልፉ፣ ግብፅ እህልና ልብስ እንድትሰጥ፣ ኑብያ ደግሞ የዓረብ ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት በየዓመቱ 360 ባሪያዎች እንድታስረክብ የሚያዝዝ ነበር። ውሉ አንዳንዴ እየላላ፣ አንዳንዴ እየጠበቀ ከ600 ዓመት በላይ ቆየ።

ብዙ ታሪክ ጸሐፊዎች ባቅትን እንደ ታላቅ የዲፕሎማሲ ድል ያወድሱታል። ለድንበሩ ሰላም ነበርና ምክንያት አላቸው። እኔ ግን እንደ ክርስቲያን ሳነበው በ360ዎቹ ላይ እቆማለሁ። በእግዚአብሔር አርአያ የተፈጠረ ሰው፣ ከጎረቤት ጎሣ በወረራ ተይዞም ይሁን ከገዛ ሕዝብ ተመልምሎ፣ በየዓመቱ ለሰላም ዋጋ ሲከፈል ኖረ። ይህን ቀንበር ስለ ሰው ልጅ ክብር ብሎ ሊሰብር የተነሣ የኑብያ ንጉሥ በታሪክ አላገኘሁም፤ ክርክሩ ሁሉ ስለ ውዝፉ ነበር። በ836 የዶንጎላው አልጋ ወራሽ ጊዮርጊስ እስከ ባግዳድ ተጉዞ በኸሊፋው በአል ሙዕተሲም ፊት በክብር ሲቀርብ፣ ያስፈቀደው ነገር ክፍያው በሦስት ዓመት አንድ ጊዜ እንዲሆን ነበር።

ያም ሆኖ ቀጣዮቹ ዘመናት የኑብያ ብሩህ ዘመናት ናቸው። ከ700 ጥቂት ቀደም ብሎ የነገሠው መርቆርዮስ ኖባትያን ከማኩርያ ጋር አንድ አድርጎ ስለያዘ ዘመነኞቹ አዲሱ ቆስጠንጢኖስ አሉት። በ707 ጳጳሱ ጳውሎስ በፋረስ ካቴድራል አሠራ። በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ የእስክንድርያው ፓትርያርክ አባ ሚካኤል በታሰሩ ጊዜ ንጉሥ ቂርቆስ ጦሩን ይዞ ወደ ግብፅ እንደ ገሰገሰና ፓትርያርኩ እንደ ተፈቱ የፓትርያርኮቹ ታሪክ ይናገራል፤ የሠራዊቱን ብዛት ቢያጋንንም የኑብያ ስም ያን ጊዜ ምን ያህል ያስፈራ እንደነበር ያሳያል። ከግብፅ የተላከው ኢብን ሱለይም አል አስዋኒ በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለ ሶባ ሲጽፍ የሚያማምሩ ሕንፃዎች፣ በወርቅ የተሞሉ አብያተ ክርስቲያናትና የአትክልት ስፍራዎች እንደነበሯት ይገልጻል።

ፋረስን ግን በዓይናችን ልናየው እንችላለን። የአስዋን ግድብ ውኃ አካባቢውን ከማጥለቅለቁ በፊት፣ ከ1961 እስከ 1964 የፖላንዱ አርኪዮሎጂስት ካዚሚየርዝ ሚኻሎቭስኪ ባልደረቦቹን ይዞ በአሸዋ የተቀበረውን ካቴድራል ቆፍሮ አወጣ። አሸዋው ግድግዳውን ጠብቆት ኖሮ ከ100 በላይ ሥዕሎች ተገኙ። ጣቷን በከንፈሯ ላይ ያደረገች ቅድስት ሐና፣ ሠለስቱ ደቂቅን በእቶን እሳት መካከል በክንፉ የሸፈነ ሊቀ መላእክት ሚካኤል፣ ጥቁር ፊት ያላቸው ጳጳሳት በልብሰ ተክህኖ ተሣልተዋል። በአንዱ ግድግዳ ላይ በመንበሩ የተፈራረቁት የ27 ጳጳሳት ስም በተራ ተጽፏል። ሥዕሎቹ ለዋርሶና ለካርቱም ሙዚየሞች ተከፋፈሉ፤ ካቴድራሉ የነበረበት ቦታ ከውኃ በታች ነው።

በዚያው በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ የእኛ ሀገር በጨለማ ውስጥ ነበረች። ከግብፅ ጳጳስ ከመጣላት ብዙ ዘመን አልፎ፣ አንዲት ንግሥት ተነሥታ አብያተ ክርስቲያናትን ስታቃጥልና ንጉሡን ከቦታ ቦታ ስታሳድድ ነበር፤ ሕዝባችን ዮዲት ጉዲት የሚላት ናት። የተሰደደው የኢትዮጵያ ንጉሥ በቀጥታ ወደ እስክንድርያ መጻፍ አልደፈረም፤ ከዚያ በፊት የነበረው ንጉሥ ጳጳሱን አባ ጴጥሮስን በግፍ አባርሮ ነበርና። ስለዚህ በዘመኑ ለነበረው የኑብያ ንጉሥ፣ ለሌላው ጊዮርጊስ ጻፈ። መከራው የኃጢአታችን ዋጋ ነው፣ ካህናት ሊያልቁብን ነው፣ ፓትርያርኩን አማልደን የሚል ልመና ነበር። ጊዮርጊስ ልመናውን በራሱ ደብዳቤ አስደግፎ ወደ ፓትርያርክ ፊላታዎስ ላከ፤ ከአባ መቃርስ ገዳም ዳንኤል የተባለ መነኩሴ ተሹሞ ወደ ኢትዮጵያ መጣ። የኢትዮጵያ ክህነት ሊቋረጥ በተቃረበበት ሰዓት እጁን የዘረጋልን የኑብያ ንጉሥ ነው። ይህን ውለታ ስንቶቻችን እናውቀዋለን?

መውረዱ ቀስ እያለ ጀመረ። በ1173 የሳላሕ አድ ዲን ወንድም ቱራን ሻህ በዓባይ ዳር ያለውን የቀስር ኢብሪም ምሽግ ያዘ፤ የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ተዘርፎ መስጊድ ሆነ፣ ጳጳሱም ተሠቃየ። ጦሩ ከሁለት ዓመት በኋላ ሲወጣ ኑብያውያን ቤተ ክርስቲያናቸውን መልሰው ያዙ። በ1203 ሮቤር ደ ክላሪ የተባለ ፈረንሳዊ የመስቀል ጦረኛ በቁስጥንጥንያ አንድ የኑብያ ንጉሥ አየ፤ በግንባሩ ላይ የመስቀል ምልክት በእሳት የታተመ ጥቁር ሰው። ንጉሡ ከሀገሩ 60 ሰዎች አስከትሎ ወጥቶ ኢየሩሳሌም ሲደርስ ዐሥር፣ ቁስጥንጥንያ ሲደርስ ሁለት ብቻ ቀርተውት ነበር፤ ያም ሆኖ እስከ ሮም መሳለም ይፈልግ ነበር። እምነቱ አልሞተም። የሚሞተው ሌላ ነገር ነበር።

በኑብያ ዙፋን የሚወርሰው የንጉሡ የእኅት ልጅ ነው። አጎትና የእኅት ልጅ በጥርጣሬ የሚተያዩበት ቤተ መንግሥት ነበር። በ1260ዎቹ መጨረሻ ዳዊት የተባለ ንጉሥ አጎቱን ገልብጦ ነገሠ። በ1272 በቀይ ባሕር ዳር ያለውን የአይዛብ ወደብ ወረረ፤ ቀጥሎም አስዋን ድረስ ሄደ። በካይሮ ያን ጊዜ የነበረው የማምሉኮች ሱልጣን ባይባርስ ሞንጎሎችንና የመስቀል ጦረኞችን ያሸነፈ ሰው ነው፤ ዳዊት እንዲህ ያለውን ጠላት መነካካቱ ራሱ ስሕተት ነበር። ኑብያን የጣላት ግን ይህ ስሕተት አይደለም። ሸከንዳ የሚባል የዳዊት የእኅት ልጅ ዙፋን ተነፈግሁ ብሎ በ1275 ወደ ካይሮ ሸሸ፤ ባይባርስንም በአጎቴ ላይ ጦር ስጠኝ አለው። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ እንዲሉ ነው።

በ1276 ጦሩ ዶንጎላ ገባ። በ652 በሩቅ ጠላት ያልተከፈተች ከተማ በገዛ ልዑሏ መሪነት ተከፈተች። ሸከንዳ ዘውድ ጫነ፤ የሱልጣኑ ምክትል ሆኖ እንደሚገዛ፣ ከግብሩ እኩሌታውን እንደሚልክ በክርስትናው ማለ። የሰሜኑ ክፍል ለሱልጣኑ ተሰጠ፤ ለአካለ መጠን የደረሰ ወንድ ሁሉ በየዓመቱ አንድ ዲናር እንዲከፍል ተወሰነበት። ዳዊት ወደ ደቡብ ሸሽቶ አል አብዋብ ሲደርስ የዚያ ገዥ አሳልፎ ሰጠው፤ በካይሮ እስር ቤትም ሞተ። ያ መሐላ ለእኔ የኑብያ ሞት ፊርማ ነው። ክርስቲያን ንጉሥ በክርስቶስ ስም የማለውን ቃል፣ የገዛ አጎቱን ለማጥፋትና ሕዝቡን ለባዕድ ግብር ለመስጠት ከመጠቀም የከፋ ምን አለ?

ከዚህ በኋላ ካይሮ የዶንጎላ ፍርድ ቤት ሆነች። የተጣላ ሁሉ ወደ ሱልጣኑ ይሄዳል፤ ሱልጣኑ ጦር ይልካል፤ ጦሩ አንዱን አውርዶ ሌላውን ይሾማል። በሱልጣን ቀላውን ዘመን ስማሙን የተባለው ንጉሥ በዚህ ጨዋታ የተካነ ሆነ፤ ጦሩ ሲመጣ ወደ ደቡብ ይሸሻል፣ ጦሩ ሲመለስ ተመልሶ የተሾመውን ይገድላል፤ ከዚያም ይቅርታ ጠይቆ ግብር ለመክፈል ቃል ይገባል። በ1280ዎቹ መጨረሻ ይህ ሁለት ጊዜ ተደረገ። ስማሙንን ጀግና የሚሉት አሉ። ለእያንዳንዱ ሽሽትና መመለስ ግን የወንዝ ዳር ገበሬው ማሳውን፣ ከብቱንና ልጆቹን ከፍሏል።

በ1316 ሱልጣን አን ናስር ሙሐመድ በርሸምቡ የተባለውን እስልምናን የተቀበለ የኑብያ ልዑል ሊያነግሥ ተነሣ። በዙፋን ላይ የነበረው ክርስቲያኑ ንጉሥ ከረንበስ የሰጠው መልስ የዚያን ቤተ መንግሥት ልብ ያሳያል፤ ሙስሊም ንጉሥ ካስፈለገ የእኅቴ ልጅ ከንዝ አድ ደውላ ይሻላል አለ። ስለ ሃይማኖት የተነገረ ቃል አይደለም፤ በርሸምቡን ለማስቀረት የተወረወረ ሐሳብ ነበር። በርሸምቡ ነገሠ። በግንቦት 1317 የዶንጎላ ነገሥታት ሰው የሚቀበሉበት ባለ ፎቅ አዳራሽ መስጊድ መሆኑን የሚያበሥር ጽሑፍ በግድግዳው ላይ ተቀረጸ፤ ሕንፃው እስከ 1969 ድረስ በመስጊድነት አገልግሏል። በርሸምቡ ራሱ ወዲያው ተገደለና ከንዝ አድ ደውላ ዙፋኑን ያዘ።

ከምሥራቅና ከሰሜን የሚፈልሱ የዓረብ ጎሣዎችም በርክተው ነበር። ታላቁ ታሪክ ጸሐፊ ኢብን ኸልዱን እንደ ገለጸው የኑብያ ነገሥታት መጀመሪያ ሊከላከሏቸው ሞከሩ፣ ሲያቅታቸው ሴቶች ልጆቻቸውን እየዳሩ ሊያለዝቧቸው ፈለጉ። ውርሱ በእናት በኩል ስለሆነ ጁሀይና የተባለው የዓረብ ጎሣ ልጆች በእናቶቻቸው ወገን መሬቱንና ሥልጣኑን ወረሱ፤ መንግሥቱ ተበታትኖ ሥርዓት የሚያስከብር ጠፋ። በ1365 የንጉሡ የእኅት ልጅ በኑ ጀዕድ ከተባሉ ዓረቦች ጋር ተባብሮ አጎቱን ገደለ። ቆይቶም እነዚያኑ አጋሮቹን ለግብዣ ጠርቶ ቤቱን በእሳት አስለቀቀባቸው፤ ዶንጎላን አራቁቶ ወደ ሰሜን፣ ወደ ዳው ሸሸ። የመርቆርዮስ መናገሻ በእንዲህ ያለ እጅ ተዘጋች።

ቤተ ክርስቲያን ከቤተ መንግሥቱ ይልቅ ጸንታ ቆይታለች። በ1372 ገደማ ጢሞቴዎስ የተባሉ አባት በካይሮ በፓትርያርክ ገብርኤል 4ኛ ተሹመው ለፋረስና ለኢብሪም ጳጳስ ሆነው መጡ። ሹመታቸውን የሚያጸኑ ሁለት ረጃጅም ጥቅል ጽሑፎች፣ አንዱ በቅብጥ አንዱ በዓረብኛ፣ ይዘው ነበር። በ1964 አርኪዮሎጂስቶች በቀስር ኢብሪም ካቴድራል አስከሬናቸውን ሲያገኙ ጥቅሎቹ ከሥራቸው ተቀብረው ነበር። ለሰዎች የሚነበብ የሹመት ደብዳቤ ከባለቤቱ ጋር መቀበሩ ያስተክዘኛል። በዳው የነገሠ ኢዮኤል የተባለ ክርስቲያን ንጉሥ በ1484 በተጻፈ የቆዳ ሰነድ ላይ ስሙ ይገኛል። ከዚያ በኋላ ከሰሜን ኑብያ የሚሰማ ድምፅ የለም። በደቡብም ሶባ በ1500 አካባቢ ወደቀች፤ በ1504 ፉንጆች በሰናር ነገሡ።

አሁን ታሪኩ ወደ እኛ ይመለሳል። ከ1520 እስከ 1526 በዐፄ ልብነ ድንግል ዘንድ የነበረው የፖርቱጋል መልእክተኞች ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በዓይኑ ያየውን ጽፎልናል። ከኑብያ ስድስት ሰዎች ወደ ንጉሠ ነገሥቱ መጡ። ጳጳሳቸው ከሞተ ብዙ ዘመን ሆኗል፤ በጦርነት ምክንያት ሌላ ማምጣት አልቻሉም፤ ካህናቱ አንድ በአንድ ዐረፉ፤ ክርስትናቸውም እየጠፋ ነው። የሚያስተምሯቸውን ካህናትና መነኮሳት ስጡን ብለው ለመኑ። ያን ሀገር ያየ ሌላ ሰው ለአልቫሬዝ እንደ ነገረው በየአምባው 150 ያህል አሮጌ አብያተ ክርስቲያናት ቆመው ነበር፤ በግድግዳቸው ላይ ስቅለቱና የእመቤታችን ሥዕል ይታያል፤ ሕዝቡ ግን ክርስቲያንም፣ ሙስሊምም፣ አይሁዳዊም አልነበረም፤ ክርስቲያን ለመሆን ይመኝ ነበር።

ዐፄ ልብነ ድንግል እንቢ አሉ። እኔ ራሴ አቡኔን የማገኘው ከእስክንድርያ ፓትርያርክ ነው፤ ሌላ የሚሰጠኝን ካህን እኔ ለእናንተ እንዴት እሰጣለሁ የሚል ነበር መልሳቸው። ስድስቱ ሰዎች ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ጊዮርጊስ ደብዳቤያችንን ተቀብሎ ካማለደን 500 ዓመት ያህል አልፎ ነበር፤ እኛ ግን የልጆቹን ልመና ወደ እስክንድርያ የሚያደርስ ደብዳቤ እንኳ እንደ ጻፍንላቸው አልቫሬዝ አይነግረንም። ዐፄ ልብነ ድንግል በሥርዓት ረገድ ያሉት እውነት ነው፤ ጳጳስ የመሾም ሥልጣን አልነበራቸውም። በገዳማቱ ግን በሺህ የሚቆጠሩ መነኮሳት ነበሩ። አንድ መምህር፣ አንድ ባሕታዊ ከእነዚያ ስድስት ጋር ቢሄድ የሚከለክል ቀኖና አላውቅም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1529፣ ንጉሠ ነገሥቱ የተሸነፉበት የሽምብራ ኩሬ ጦርነት ሆነ። አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ከአምባ ወደ አምባ ተሰደዱ፤ በ1535 በተራቸው ከሩቅ ሀገር እርዱኝ የሚል መልእክት ወደ ፖርቱጋል ላኩ፤ በ1540 በደብረ ዳሞ ዐረፉ። ይህን የእግዚአብሔር ቅጣት ነው ብዬ አልፈርድም፤ ፍርዱ የእርሱ ነው። ግን የኑብያን ልመና ከሽምብራ ኩሬ ለይቼ ማንበብ አልችልም። ኢትዮጵያ የተረፈችው ከኑብያ ይልቅ ጻድቅ ስለነበረች አይመስለኝም። ነገሥታቷም ወንድሞቻቸውን በአምባ ሲያስሩ ኖረዋል፤ ባሪያ ንግዱም በምድሯ ነበር። በሰው ዓይን የሚታየው ልዩነት በየገዳሙና በየደሴቱ ተማሪ የሚያስቀጽል መምህር አለመጥፋቱ ነው፤ ቤተ መንግሥቱ ሲቃጠል ዜማው፣ ቅኔውና መጽሐፉ በሰው ልብ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። የጳጳሱ ነገር ግን ቆይቷል፤ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ አቡነ ባስልዮስ የተሾሙት በ1951 ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ኑብያን በመከራ ሳይሆን በመምህር እጦት የጠፋች ቤተ ክርስቲያን አድርገህ አስባት። በአካባቢህ ያለው የአብነት ትምህርት ቤት ስንት ተማሪ እንደቀረው፣ መምህሩ ምን እየበላ እንደሚያስተምር በዚህ ሳምንት ሄደህ ጠይቅ። በባዕድ ሀገር የምትኖር ከሆነ የደብርህን ልጆች ቅዳሴውን ማን እንደሚያስተምራቸው አጣራ። ሰው ካጡ አንድ መምህር ፈልግላቸው፤ ቀለቡንም አንተ ቻል።